የመዝናኛ ሥፍራ ለልጅ ነው ወይስ ለዐዋቂ?

«ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ይላል የአገራችን ምሳሌ። ምሳሌው የተነገረው ክብሩን ለሚጠብቅ ጐልማሳ ነው። ልጅ የጨዋታን ልክ ስለማያውቅ፣ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ጭረትና መሳቂያነት ነው ማለት ነው። ታዲያ በዛሬው ዓለም በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዐዋቂዎች ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ሰዓታቸውንም በሰልፍ አሳልፈው፣ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶችና ከተረት የተወሰደ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ሥፍራ የሚጐርፉት ምን አጥተው ነው? ልጆቻቸውን ለማስደሰት ነው እንዳንል፣ ከመካከላቸው ልጅ የሌላቸው ብዙዎች አሉ። ለራሳቸው ደስታ ነው እንዳንል ደግሞ፣ በየወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የሕፃን ጋሪ ይዘው የሚያንጐላጁት አባቶች ምስክር ሆነው ይቀርቡብናል።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው «ቲም ፓርክ» እየተባለ የሚጠራውን የመዝናኛ ሥፍራ ነው። ተራው የመጫወቻ ሜዳ መሣሪያዎቹን ደርድሮ ቲኬት ሲሸጥ፣ ቲም ፓርክ ግን መንገዱንም፣ ቤቱንም፣ የሠራተኛውንም ልብስ፣ የሚቀርበውንም ምግብ ሳይቀር ለአንድ አሳብ ወይም ለአንድ ታሪክ ያስገዛል። እንዲህ ያለው ሥፍራ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ የዋዛ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ያለችውን ጥቂት የዕረፍት ቀን እንዴት አብሮ እንደሚያሳልፋት የሚወስን ጥያቄ ስለሆነ ቀስ ብለን ብንመረምረው ይጠቅማል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መነሻውን ስንመለከት፣ የመዝናኛ ሥፍራ በመጀመሪያ የልጆች ርስት አልነበረም። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ጊዮርግ ካርስቴንሰን የተባለው ሰው በ1843 ዓ.ም. ቲቮሊ የተባለውን የአትክልት ሥፍራ ሲከፍት፣ ያሰበው የከተማው ሰው ከሥራው በኋላ ሙዚቃ የሚሰማበትን፣ ቴአትር የሚያይበትንና በመብራት ባሸበረቀ መንገድ ላይ የሚንሸራሸርበትን ቦታ ነበረ። በአሜሪካም በኒው ዮርክ ባሕር ዳር፣ ኮኒ አይላንድ በሚባለው ሥፍራ፣ ጆርጅ ቲልዩ በ1897 ዓ.ም. ስቲፕልቼዝ ፓርክን አቋቋመ። የዚህ ፓርክ ታላቁ ጨዋታ በሐዲድ ላይ ቁልቁል የሚሽቀዳደሙ የእንጨት ፈረሶች ነበሩ። በአንዱ ፈረስ ላይ ወንድና ሴት ተፈናጠው ሊቀመጡ ይችሉ ስለነበረ፣ ጨዋታው የተወደደው በሕፃናት ሳይሆን በእጮኛሞች ዘንድ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። በ1903 ዓ.ም. ሉና ፓርክ፣ በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ድሪምላንድ ሲከፈቱ፣ ወደዚያ የሚጐርፈው ሰው በአብዛኛው ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካና በመደብር ሲደክም የሰነበተው ወጣት ሠራተኛ ነበረ። ልጅ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ቤቱ የእርሱ አልነበረም።

ዘመን ተለወጠና ነገሩ ተገለበጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ በአሜሪካ ከተሞች በየመናፈሻው የሚገኙት ጨዋታዎች ለልጅ ብቻ የተዘጋጁ ሆኑ። በሎስ አንጀለስ ከተማ በግሪፊዝ ፓርክ የሚገኘው ባለ እንጨት ፈረሱ ተሽከርካሪ ከእነዚህ አንዱ ነበረ። የፊልም ሠሪው ዋልት ዲዝኒ በዕረፍት ቀን ሁለት ሴቶች ልጆቹን ወደዚያ እየወሰደ፣ እነርሱ በፈረሱ ላይ ሲዞሩ እርሱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃቸው እንደነበረ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ለምን አይኖርም? የሚለው አሳብ የመጣለትም በዚያ ወንበር ላይ ሳለ ነው። በ1951 ዓ.ም. ቲቮሊን ሲጐበኝ የሥፍራው ንጽሕናና ሥርዓት፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድነት የሚንሸራሸሩበት መሆኑ ማርኮታል። ሐምሌ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተባለች ከተማ፣ የብርቱካን ተክል በነበረበት መሬት ላይ ዲዝኒላንድ ተከፈተ። የመሬቱ ስፋት በእኛ አገር ልክ ቢመተር ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ሲሆን፣ ለሥራው የወጣው ገንዘብ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዲዝኒላንድ የልጆች ዓለም ተብሎ ቢወራለትም፣ በበሩ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው መንገድ ለልጅ የተሠራ አይደለም። ሜን ስትሪት፣ ማለት ዋና ጐዳና፣ የተባለው ይህ መንገድ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የነበረችውን አነስተኛ የአሜሪካ ከተማ የሚያሳይ ነው። በፈረስ የሚሳብ ትራም፣ የድሮ ፋኖስ፣ የባቡር ጣቢያ ይታይበታል። በ1955 ዓ.ም. ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ሲያይ ያማረ መንገድ ብቻ ነው የሚያየው። በ1900 ዓ.ም. አሥር ዓመት የነበረው የ65 ዓመቱ አያት ግን የሚያየው ልጅነቱን ነው። የቤቶቹም አሠራር ይህንን ያግዛል። ምድር ቤቱ ከእውነተኛው ቤት ብዙም አያንስም፤ ፎቁ ግን ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ልኩ እያነሰ ይሄዳል። ልጁ በዚህ ምክንያት መንገዱ የእርሱ ቁመት ልክ ሆኖ ይታየዋል። ዐዋቂው ደግሞ፣ አድጎ ወደ ተወለደበት መንደር የተመለሰ ሰው ሁሉ ቤቱና አጥሩ አንሶ እንደሚታየው፣ ያንኑ ስሜት ሳያውቀው ይሰማዋል።

ወላጁም አልተረሳም። ስለ በረዶዋ ነጭ ልዕልት የሚናገረው የዲዝኒ ፊልም የወጣው በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ፊልሙን በስምንት ዓመቷ ያየች ልጅ ዲዝኒላንድ ሲከፈት ወደ 26 ዓመት ገደማ ሆኗት፣ ምናልባትም የራሷን ልጅ ታቅፋ ነበረ። ስለዚህ የልዕልቲቱን ታሪክ በሚያሳየው ጨዋታ ውስጥ እናትና ልጅ በአንድ ሠረገላ ሲቀመጡ ሁለቱም ይደሰታሉ፤ የደስታቸው ምንጭ ግን የተለያየ ነው። ልጁ የሚደሰተው አዲስ ነገር ስላየ ነው። እናቱ የምትደሰተው የምታውቀውን ነገር መልሳ ስላገኘች ነው። የቲም ፓርክ ሥራ ምሥጢር በአጭሩ ቢነገር ይህ ነው እንላለን፤ አንዱን ዕቃ ለአንዱ አዲስ፣ ለሌላው ትዝታ አድርጎ መሸጥ።

ይሁን እንጂ ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቀኑን በትዝታ ብቻ አይውልም። የዚህ ቤተሰብ ቀን የሚመራው በሕፃኑ ሆድና በሕፃኑ እንቅልፍ ነው። በጧት ተነሥቶ፣ ወተትና መቀየሪያ ልብስ ተሸክሞ፣ ጋሪ እየገፋ ይመጣል። እኩለ ቀን ሲሆን ትንሹ ይተኛል፤ ትልቁ ያለቅሳል። ሮለር ኮስተር ወደሚባለው፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ወደሚወረወረው ሠረገላ ሲደርሱ ደግሞ ከበሩ ላይ የቁመት መለኪያ ይጠብቃቸዋል። ለምሳሌ በዲዝኒላንድ ስፔስ ማውንቴን በተባለው ጨዋታ ቁመቱ 102 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይገባም። ሥርዓቱ ለደኅንነት የተደነገገ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን የአራት ዓመቱ ወንድም ገብቶ የሦስት ዓመቷ እኅት ስትቀር፣ አባትና እናት መለያየታቸው ነው።

ለዚህም ችግር ፓርኮቹ ብልኀት ፈጥረውለታል። አንደኛው ወላጅ ከሕፃኑ ጋር ይቀራል፤ ሌላው ተሰልፎ ይገባል። እርሱ ሲወጣ ቀሪው ረጅሙን ሰልፍ እንደገና ሳይሰለፍ በተራው ይገባል። ብልኀቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ባልና ሚስት ያንኑ ጨዋታ አየን ቢሉም አብረው አላዩትም። አንዱ ሲጮኽ ሌላው ጡጦ ይዞ ይጠብቅ ነበረ። በአንጻሩ በ1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ፣ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በዲዝኒላንድ የሚገኘው፣ በጀልባ ተቀምጠው የየአገሩን የሕፃናት አሻንጉሊት የሚያዩበት ጨዋታ የቁመት ልክ የለበትም። አያት፣ አባት፣ እናትና ጡት የሚጠባ ሕፃን በአንድ ጀልባ ይቀመጣሉ። ወጣቱ ዘገምተኛ ነው ብሎ ይንቀው ይሆናል፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ መቀመጫ ላይ የሚገኝባት ደቂቃ ግን ያቺ ናት።

ለትንንሾቹ ብቻ አስበው የተሠሩም አሉ። በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በተባለች ከተማ በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው ሌጎላንድ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉት ልጆች ነው። እዚያ ልጁ ትንሽ መኪና ራሱ ነድቶ የመንጃ ፈቃድ ይቀበላል፤ አባቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ነገር ግን እዚያው ፓርክ ውስጥ በሚሊዮን ከሚቈጠሩ የፕላስቲክ ጡቦች የተሠሩ ትናንሽ ከተሞች፣ ወደቦችና ቤተ መንግሥቶች አሉ። በእነዚህ ላይ አጐንብሰው የመስኮቱን ልክ ሲመረምሩ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ዐዋቂዎች ናቸው። እንግዲህ ለልጅ ተብሎ የተሠራ ሥፍራ እንኳ ለዐዋቂው ዓይን አንድ ነገር ካላስቀረ በቀር ሰውን እንደማይመልስ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ ወደ ዐዋቂዎቹ እንመለስ። ዐዋቂ ሰው ለብቻው ወይም ከጓደኛው ጋር ሲመጣ የሚፈልገው ሌላ ነው። የሚጣፍጥ ራት፣ ሙዚቃ፣ ፍጥነትና ድንጋጤ፣ እንዲሁም መጠጥ ይሻል። ስለ መጠጡ ነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የዲዝኒ ኩባንያ በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ አጠገብ ፓርኩን ሲከፍት፣ በአሜሪካ እንደለመደው በፓርኩ ውስጥ ወይን ጠጅ እንዳይሸጥ አደረገ። ፈረንሳዊ ቤተሰብ ግን ምሳውን ያለ ወይን ጠጅ መብላትን እንደ ቅጣት ቈጠረው። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ደንቡን ለወጠ። በአሜሪካም ቢሆን በፍሎሪዳ በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም መጠጥ ሳይሸጥ ቆይቶ፣ በ2012 ዓ.ም. በአንድ ምግብ ቤቱ ውስጥ ወይንና ቢራ ማቅረብ ጀመረ።

በዚያው በፍሎሪዳ በ1982 ዓ.ም. የተከፈተው ኤፕኮት የተባለው ፓርክ ከዚህ የተለየ ሆኖ ነው የተወለደው። ግማሹ ስለ ሳይንስና ስለ ቴክኒክ የሚያስተምር ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ በኩሬ ዙሪያ የተለያዩ አገሮችን ሕንፃና ምግብ የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያ ላይ ሚኪ ማውስና ጓደኞቹ በዚያ አይታዩም ነበር። ልጆች ግን ሚኪ የት አለ? ማለታቸው አልቀረምና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገቡ። የኖርዌይ ክፍል ደግሞ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ስለ አገሪቱ ባሕረኞችና ተረቶች የሚያሳይ የጀልባ ጨዋታ ነበረው። እርሱ ተዘግቶ በ2016 ዓ.ም. ስለ በረዶ ንግሥት በሚናገረው የልጆች ፊልም ታሪክ ተተካ። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ረጅም ሰልፍ ሠርተው ደስታቸውን ሲገልጡ፣ የድሮው ጨዋታ ወዳጅ የሆኑት ዐዋቂዎች የአገር ትምህርት በተረት ተለወጠ ብለው አዘኑ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ጃፓኖች በበኩላቸው ጉዳዩን በሌላ መንገድ ፈቱት። በ1983 ዓ.ም. በቶኪዮ አጠገብ ከተከፈተው ዲዝኒላንድ ጐን፣ በ2001 ዓ.ም. የባሕርና የወደብ ታሪክ የሚታይበትን፣ መጠጥም የሚሸጥበትን፣ ለጐልማሶችና ለጥንዶች የሚስማማውን ዲዝኒሲን ሠሩ።

ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው? በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ልጅ የሌላቸው ዐዋቂዎች ወደ እነዚህ ፓርኮች መብዛታቸውን የሚነቅፉ ሰዎች ተነሥተዋል። ለሕፃን የተሠራውን ሰልፍ ዐዋቂ ምን ሊያደርግበት ይሰለፍበታል? ይላሉ። ዐዋቂዎቹም፣ ገንዘባችንን ከፍለናል፣ ማንንም አልበደልንም ብለው ይመልሳሉ። እኛ እንደሚመስለን ጠቡን የወለደው የዕድሜ ልዩነት አይደለም። የወለደው ቲኬቱ ነው።

ነገሩን እናብራራው። ዲዝኒላንድ ሲከፈት የበሩ ዋጋ ለዐዋቂ 1 ዶላር፣ ለልጅ 50 ሳንቲም ነበረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ ቲኬት ነበረው። ስለዚህ በጥላ ሥር ተቀምጣ ሰውን ማየት የምትወድ አያት የበሩን ከፍላ ቀኑን በደስታ ትውል ነበር። በ1982 ዓ.ም. ይህ ሥርዓት ቀረና ሁሉም በአንድ ዋጋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየናረ ሄዶ፣ በዛሬው ጊዜ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት የአንድ ሰው የአንድ ቀን መግቢያ ከ200 ዶላር በላይ ደርሷል። ሦስት ዓመት ያልሞላው በነጻ ይገባል፤ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ግን እንደ ዐዋቂ ይከፍላል። አባት በወንበር ላይ ቢቀመጥም፣ አሥር ጊዜ ሮለር ኮስተር ላይ ቢወጣም የሚከፍለው እኩል ነው። ያን ያህል ከፍሎ መቀመጥ ደግሞ ያስቈጫል። ስለዚህ ቤተሰቡ ይሮጣል፤ ልጁ ደክሞት ሲያለቅስ «ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ለአንተ ነው» ይባላል። ሰልፉ ይረዝማል፤ በሰልፉ ላይ ከፊቱ የቆመው ልጅ የሌለው ጐልማሳም ለወላጁ እንደ ባላንጣ ይታየዋል። በቲቮሊ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የበሩ መግቢያና የጨዋታው ክፍያ ለየብቻ ነው። ሙዚቃ ለመስማት የመጣ ሽማግሌ የበሩን ብቻ ይከፍላል። ልጁም ሲጫወት አያቱ በአበባው መካከል ይቀመጣሉ፤ ማንም በማንም አይቈጣም። በ1914 ዓ.ም. የተሠራው የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ አብሮት እየተሳፈረ፣ ዛሬም ፈላጊውን ሲያመላልስ ይታያል።

ከዚህም በቀር የትዝታው ነገር ተለውጧል። በ1955 ዓ.ም. አያት በሜን ስትሪት ላይ የሚያስታውሱት የተወለዱባትን ከተማ ነበረ። ዛሬ የ40 ዓመት ሰው በዚያው መንገድ ላይ የሚያስታውሰው በአምስት ዓመቱ በዚያው መንገድ ላይ፣ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ማለፉን ነው። ልጅ የሌለው ዐዋቂ ብቻውን ተመልሶ ሲመጣ ብንስቅበት ተገቢ አይሆንም። ምናልባት የሚፈልገው ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ያን ትከሻ ነው። አንድ የተረሳ ቁም ነገርም በዚህ ላይ እናገኛለን። ለልጁ በትዝታ የሚቀርለት የጨዋታው ብዛት ሳይሆን አባቱ አብሮት መሆኑ ነው።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ በአንድ በር የገቡ አያትና የልጅ ልጅ ሁለት ነገር ለማየት ይችላሉ። አያት የነገሥታቱን አዳራሽና የዙፋኑን ቤት ይመለከታሉ፤ ልጁ ደግሞ አንበሳውን። ይህ ከዲዝኒላንድ ጋር የሚወዳደር የጨዋታ ሥፍራ አይደለም። ዐዋቂውን ጠባቂ ብቻ አድርጎ አለማስቀረቱ ግን መልካም ጅምር ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ ተማሪ ወይም ወጣት ሹም የሆነው፣ ነገ በየከተማው የመናፈሻ ፕላን ሲቀርብለት የሚፈርም ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የተሽከርካሪውን ብዛት ከመቍጠሩ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ እንወዳለን፤ አባትየው የት ነው የሚሆነው? አያቲቱስ ያለ ብዙ ወጪ የምትቀመጥበት ጥላ አለ ወይ?

ወንበሩን አንጠላውም። በግሪፊዝ ፓርክ ከነበሩት ወንበሮች አንዱ ዛሬ በዲዝኒላንድ ውስጥ እንደ ቅርስ ተቀምጦ ይታያል። ሰው ሲደክመው ይቀመጥ፤ መቀመጥም ዕረፍት ነው። ክፉው ወንበር አባት ከልጁ ደስታ ውጭ ሆኖ ሰዓቱን እየቈጠረ የሚጠብቅበት ወንበር ነው። የአባቶቻችን ምሳሌ ከልጅ ጋር የተጫወተ በእንጨት ይወጋል ያለው እውነት ነው። ነገር ግን ያልተጫወተውም ሳይወጋ አይቀርም። እርሱን የሚወጋው፣ ልጁ ካደገ በኋላ፣ ያ የዕረፍት ቀን ትዝ ሲለው ነው።